ከቀድሞ አሠሪ ጋር የቀረውን «ፎር ኦ ዋን ኬ» ከአዲስ አበባ ሆኖ ስለ ማውጣት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ ኑሮ የጀመሩ ብዙ ወገኖች ሲያትል፣ ዳላስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሠሩ ከደመወዛቸው እየተቆረጠ የተጠራቀመ የጡረታ ቁጠባ አላቸው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ፎር ኦ ዋን ኬ በሚለው ስሙ ነው። ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ የሠራ ሰው ደግሞ ፎር ኦ ስሪ ቢ የተባለው ሊኖረው ይችላል፤ እዚህ የምንጽፈው በአመዛኙ ለሁለቱም ይሠራል። ለቤት ቀብድ የተጠየቀ ወይም ሱቅ ለመክፈት የተነሣ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው በዚህ ገንዘብ ላይ ነው። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ማውጣትም መብቱ ነው። የሚያሳስበን አወጣጡ ነው። ሳይጠየቅና ሳይታሰብ ተሞልቶ በተላከ አንድ ቅጽ ምክንያት ከ10,000 ዶላር እስከ 4,000 ዶላር ድረስ እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ነገሩን በጋዜጣችሁ በኩል ዘርዘር አድርገን ማስረዳት ፈለግን።

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ገንዘቡ ስንት ነው የሚለው አይደለም። ባለገንዘቡ በአሜሪካ የግብር ሕግ ዓይን ማን ነው? የሚኖርበት ከተማ ይህን አይወስንም። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ቦሌ ቢኖርም ጎንደር ቢኖር ለአይ አር ኤስ (ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ግብር ከፋይ ነው፤ የሚፈርመውም ደብሊው-9 የተባለውን ቅጽ ነው። ግሪን ካርድ ያለውም እንደዚያው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የካርዱ ቀን ስላለፈ ወይም ዓመታት ከአሜሪካ ርቆ ስለኖረ የግብር ግዴታው የተቋረጠ ይመስለዋል። አልተቋረጠም። አይ-407 በተባለው ቅጽ ካርዱን በይፋ እስካልመለሰ፣ ወይም መኖሪያ ፈቃዱ በመንግሥት ውሳኔ ተሰርዞ እስካላበቃ ድረስ፣ በሕጉ ነዋሪ ነው። ካለፉት 15 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ በ8ቱ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ካርዱን ከመመለሱ በፊት የግብር ባለሙያ ማማከር አለበት። ሲመልስ በቅጽ 8854 ላይ የአምስት ዓመት ግብሩን በአግባቡ መወጣቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል፤ ይህን ካላደረገ ጡረታው ላይ ሌላ ጠበቅ ያለ ሕግ ይመጣበታል።

ዜጋም ግሪን ካርድ ያዥም ያልሆነ፣ ለምሳሌ በሥራ ቪዛ ሠርቶ የተመለሰ፣ የሚሞላው ደብሊው-8 ቤን ነው። ለእርሱ ገንዘቡን የሚከፍለው ድርጅት ከጠቅላላው 30 በመቶ ለግብር ይቀንሳል። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር ባላቸው የግብር ስምምነት ይህ ተቆራጭ ዝቅ ይላል ወይም ይቀራል። ኢትዮጵያና አሜሪካ ግን እንዲህ ያለ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። ስለዚህ ቅጹ ላይ የስምምነት ጥቅም የሚጠይቀውን ክፍል በግምት መሙላት ምንም አይጠቅምም፤ ማመልከቻውን ያዘገየዋል እንጂ። 30 በመቶው ግን ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ሥራ ምክንያት የገባው መዋጮ እንደ ደመወዝ ገቢ ሲጨምር በሚያድግ የደረጃ ተመን ይሰላል፤ 30 በመቶ የሚታሰብበት በመዋጮው ላይ የተገኘው ትርፍ ነው። ስለዚህ ያ ሰው የውጭ ሰው ዓመታዊ ግብሩን በሚያሳውቅበት ቅጽ 1040-ኤን አር ቢያሳውቅ የተቀነሰበት የተወሰነ ክፍል ሊመለስለት ይችላል። ይህን የሚያደርገው ጥቂት ሰው መሆኑ ያሳዝነናል፤ ብዙዎች 30 በመቶው ከተቆረጠ በኋላ ነገሩ ያለቀ ስለሚመስላቸው የሚመለስላቸውን ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የ10 በመቶ ቅጣት አለ። 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላው የሚያወጣ ሁሉ፣ ዜጋም ይሁን የውጭ ሰው፣ በሚያወጣው ግብር የሚከፈልበት ገንዘብ ላይ ይከፍለዋል። ቅጣቱ ገንዘቡ ሲከፈል አይቆረጥም፤ ዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ ሲሞላ ነው የሚታሰበው። ብዙ ሰው ባልጠበቀው ሰዓት የሚመታው ለዚህ ነው። ከቅጣቱ የሚያድኑ ሁኔታዎች አሉ፦ ዘላቂ የአካል ጉዳት፣ ከገቢ 7.5 በመቶ በላይ የሆነ የሕክምና ወጪ፣ በፍቺ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚከፈል ድርሻ፣ ሞት። ለእኛ ተመላሾች ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ግን የ55 ዓመት ደንብ ነው። 55 ዓመት በሞላው ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ከሥራው የለቀቀ ሰው ከዚያው ከለቀቀው ድርጅት ፎር ኦ ዋን ኬ ላይ ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላል። የሚታየው የለቀቀበት ዓመት እንጂ አሁን ያለው ዕድሜ አይደለም። በ52 ዓመቱ ለቆ አሁን 57 የሆነው አይጠቀምበትም። የሚጠቀምበት ደግሞ ገንዘቡን ወደ አይ አር ኤ (ሰው በግሉ ወደሚከፍተው የጡረታ ሒሳብ) ካዛወረው ዕድሉን ያጣል፤ ደንቡ ለአይ አር ኤ አይሠራምና።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። በስሙ 30,000 ዶላር ያለው፣ 45 ዓመቱ የሆነ፣ ያላገባ የአሜሪካ ዜጋ በ2025 ገንዘቡን በአንዴ ለራሱ እንዲከፈለው ጠየቀ እንበል፤ በዓመቱ ሌላ ገቢ የለውም። ድርጅቱ በሕግ ግዴታው 20 በመቶ፣ ማለትም 6,000 ዶላር፣ ለአይ አር ኤስ ቀንሶ 24,000 ይልክለታል። 20 በመቶው ቅድመ ክፍያ ነው፤ ግብሩ ራሱ አይደለም። ማስታወቂያው ሲሠራ ከ30,000 ላይ ግብር የማይከፈልበት የዓመቱ መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ይወርዳል፤ 14,250 ይቀራል። የመጀመሪያው 11,925 በ10 በመቶ፣ ቀሪው በ12 በመቶ ሲሰላ ግብሩ ወደ 1,472 ዶላር ይሆናል። ቅጣቱ 3,000 ነው። ድምሩ 4,472 ነውና ከ6,000ው ላይ ወደ 1,528 ዶላር ይመለስለታል፤ ማስታወቂያውን ካቀረበ ብቻ።

ይኸው ሰው 15,000ውን በታኅሣሥ (በፈረንጆቹ)፣ ቀሪውን 15,000 ደግሞ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ቢያወጣ በሁለቱም ዓመታት ከመደበኛው ተቀናሽ በታች ስለሚሆን የገቢ ግብሩ ዜሮ ይሆናል። የሚቀርበት 3,000 ቅጣት ብቻ ነው። የፈረንጆቹ ጥር 1 አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት 1,472 ዶላር አተረፈ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደመወዝ እየተቀበለ በውጭ የተገኘ ገቢን ከግብር በሚያወጣው ደንብ የሚጠቀም ሰው ግን ስሌቱ እንዲህ አይቀልለትም። ደመወዙ ግብር ባይከፈልበትም ተመኑን ለመወሰን ግን ከሥር ይቆጠራል፤ ጡረታው ከዚያ በላይ ባለው ተመን ይመታል። ደብሊው-8 ቤን ለሚሞላው ደግሞ ከፋፍሎ ማውጣት ያለው ጥቅም አነስተኛ ነው፤ እስከ 59 ተኩል መጠበቁ ይበልጥ ያዋጣዋል።

ከፋፍሎ ለማውጣት አንድ እንቅፋት አለ። ብዙ የአሠሪ የጡረታ ዕቅዶች ለለቀቀ ሠራተኛ በከፊል አይከፍሉም፤ ሁሉንም ውሰድ ወይም ተወው ይላሉ። መፍትሔው በቀጥታ ሮልኦቨር ወደ አይ አር ኤ ማዛወርና ከዚያ በየዓመቱ ማውጣት ነው። በቀጥታ ማለት ገንዘቡ ከተቋም ወደ ተቋም ሄዶ በባለቤቱ እጅ ሳያልፍ ነው፤ ያኔ 20 በመቶ የሚባል ነገር የለም። በእጅ ካለፈ ግን ጣጣ አለው። ከላይ ያልነው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ልመልሰው ቢል ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ እጁ የገባው 24,000 ብቻ ስለሆነ ከኪሱ 6,000 ጨምሮ 30,000 ካላስገባ ያ 6,000 እንደ ወጣ ይቆጠራል። አይ አር ኤ የሚከፍቱ ብዙ ተቋማት ደግሞ የኢትዮጵያ አድራሻ ላለው አዲስ ደንበኛ በራቸውን አይከፍቱም። ስለዚህ ለመመለስ የምታስቡ ሁሉ ይህን ሥራ ገና አሜሪካ ሳላችሁ፣ የቤት አድራሻችሁና ስልካችሁ ሳይዘጋ ጨርሱት። ከሁሉም በላይ አጥብቀን የምንመክረው ይህንን ነው።

ጥቂት ሰው የሚያውቀውን ጥሩ ዜና እዚህ እንጨምር። ሜሪላንድም ሆነ ካሊፎርኒያ ላይ የተጠራቀመ ጡረታ ባለቤቱ ከግዛቱ ነዋሪነት ከወጣ በኋላ ቢከፈለው ያ ግዛት ግብር ሊጥልበት አይችልም፤ ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ነገር ግን ድርጅቱ መዝገብ ላይ የድሮው አድራሻ ካለ የግዛቱን ግብር ሊቀንስ ይችላል። ከመጠየቃችሁ በፊት አድራሻውን አስተካክሉ።

ከዚህ በፊት ግን ገንዘቡ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ድርጅቶች ይሸጣሉ፣ ይዋሃዳሉ፤ የጡረታውን ሒሳብ የሚይዘውን ተቋምም ይቀይራሉ። የድሮ ደብሊው-2 (አሠሪ የሚሰጠው ዓመታዊ የደመወዝ ወረቀት) ካለ ሳጥን 12ን ተመልከቱ፤ «ዲ» የሚል ፊደል ካለው ወደ ፎር ኦ ዋን ኬ የገባ መዋጮ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር በታኅሣሥ 2024 (በፈረንጆቹ) የጠፉ የጡረታ ቁጠባዎችን የሚፈልጉበት መዝገብ በኢንተርኔት ከፍቷል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የማንነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ አስወጥቶት ሊሆን ይችላል። እስከ 1,000 ዶላር ከሆነ በቼክ ወደ መጨረሻው አድራሻ ሊልከው፣ ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ከሆነ ደግሞ በስማችሁ ወደ አይ አር ኤ ሊያዛውረው ሕጉ ይፈቅድለታል። ከ7,000 በላይ ከሆነ ያለ ፈቃዳችሁ ሊያስወጣችሁ አይችልም፤ ስለዚህ «ካላወጣኸው ይወሰዳል» የሚል ወሬ አያስደንግጣችሁ።

ስክሪኑ ላይ የምታዩት ድምርም ሁሉ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ከደመወዛችሁ የተቆረጠው ከነትርፉ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። አሠሪው የጨመረው ግን በአገልግሎት ዘመን ይታያል፤ አንዳንዱ ዕቅድ ሦስት ዓመት እስኪሞላ ምንም አይሰጥም፣ ሌላው ከሁለተኛው ዓመት እስከ ስድስተኛው በየዓመቱ 20 በመቶ እያሳደገ ይሰጣል። የእናንተ የሆነውን ድርሻ የሚያሳየውን «ቬስትድ ባላንስ» የሚለውን መስመር እዩ። ከቁጠባው ላይ ብድር ወስዳችሁ ሳትጨርሱ የለቀቃችሁ እንደሆነ ቀሪው ብድር እንደ ወጣ ገንዘብ ተቆጥሮ ግብርና ቅጣት ሊመጣበት እንደሚችል አትርሱ።

ብዙ ፋይል የሚዘገይበት ምክንያት ስም ነው። የእኛ ስም ከነአባትና ከነአያት ነው፤ አሜሪካ ደግሞ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ የአባት ስም መጨረሻ ሆኖ፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ሲሆን፣ የ«ጸሐይ» የእንግሊዝኛ አጻጻፍም በአንዱ ወረቀት ከሌላው ሲለይ የጡረታው ተቋም ይህ ሌላ ሰው ነው ይላል። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ስም በተቋሙ መዝገብ ካለው ጋር በፊደል ደረጃ አንድ መሆን አለበት። ልዩነት ካለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፤ የክፍያ ጥያቄና የስም ማስተካከያ በአንድ ጊዜ ከላካችሁ ሁለቱም ይቆማሉ።

ባለትዳር ከሆናችሁ አንዳንድ ዕቅዶች የትዳር ጓደኛ ፊርማ በኖተሪ (በፊርማ አረጋጋጭ) ፊት እንዲሆን ይጠይቃሉ። እዚህ የሰነዶች ማረጋገጫ ማኅተም ሁልጊዜ አይቀበሉትም። የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ አሜሪካዊ ኖተሪ ነው፤ እንጦጦ መንገድ ላይ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ ይህን አገልግሎት ለእያንዳንዱ ማኅተም በ50 ዶላር ይሰጣል። ቅጹን ሳትፈርሙ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚፈረመው እዚያው በባለሥልጣኑ ፊት ነው። ተቋሙ «ሜዳሊየን» የተባለውን የፊርማ ዋስትና ከጠየቀ ግን ኤምባሲው አይሰጠውም። ያኔ በምትኩ የኤምባሲው ኖተሪ ይበቃ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። በዚህ አጋጣሚ የወራሽ ቅጹንም እዩት። ባለቤቱ ሲሞት ተቋሙ የሚከፍለው በቅጹ ላይ ለተጻፈው ሰው ነው። የቀድሞ ባለቤት ስም እዚያ ከቀረ ፍቺው በራሱ ስሙን አያነሣውም። ዳግመኛ ያገባ እንደሆነ ደግሞ በፎር ኦ ዋን ኬ ሕግ አዲሱ የትዳር ጓደኛ፣ ፈርሞ ካልተወ በቀር፣ ወራሽ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። ቼክ አትጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ ደብዳቤ በአብዛኛው እስከ መኖሪያ ቤት አይመጣም፤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ሣጥናችሁን እስክትከፍቱ ቼኩ ሊቆይ ይችላል። ባንክ ስታስገቡትም ለመሰብሰብ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ይላካል። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ቼክን ደግሞ የአሜሪካ ባንክ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ቼኩ ጠፍቶ ሌላ ቢታዘዝም ግብሩ አስቀድሞ ተቆርጧል፣ ገንዘቡም የዚያ ዓመት ገቢ ሆኖ ተመዝግቧል። የተሻለው በስማችሁ ባለ የአሜሪካ ባንክ ሒሳብ በቀጥታ ማስገባት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ሒሳባችሁን አትዝጉ። ስልክ ቁጥሩንም እንዲሁ። ተቋሙ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው ወደ አሜሪካ ቁጥር ነው፤ የተዘጋ ቁጥር ካላችሁ በኮምፒውተር መግባት አትችሉም። ከመምጣታችሁ በፊት ኮዱን በስልክ መተግበሪያ የሚቀበል መንገድ መርጣችሁ መዝግቡ።

ከአሜሪካ ባንክ ወደ አዲስ አበባ ባንክ በስዊፍት ሲላክ የባንኩ ስዊፍት ኮድ፣ የሒሳብ ቁጥርና በፓስፖርት እንዳለው የተጻፈ ሙሉ ስም ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የ«አይባን» ቁጥር ስለማትጠቀም ያንን የሚጠይቅ ቅጽ ላይ የፈጠራችሁትን ቁጥር አትጻፉ። ዶላሩን በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ማስቀመጥ የምትፈልጉ ከሆነ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ ወደ ብር ሒሳብ ከገባ በኋላ ተመልሶ ዶላር ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ዜጋና ግሪን ካርድ ያዥ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሒሳቦቹ ድምር በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የተባለውን ሪፖርት ማቅረብ አለበት። ግብር የለውም፤ አለማቅረብ ግን ከባድ ቅጣት አለው።

ይለፍ ቃላችሁንና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ተቀብሎ በመቶኛ «እኔ አወጣልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ እምቢ በሉ። ተቋሙ በስልክ ስትጠይቁት በነጻ ያስረዳችኋል፤ ያለ እናንተ ፈቃድ ደግሞ ማንም በሕጋዊ መንገድ ሊያስጨርሰው አይችልም። የባንኮቻችን የዲያስፖራ ክፍሎች ሒሳብ ሲከፍቱ ይህን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ ቢሰጡ ለደንበኞቻቸው ትልቅ ውለታ ይሆን ነበር። ጋዜጣችሁም ጉዳዩን ቢከታተለው እናመሰግናለን።

ገንዘቡን ያወጣችሁ እንደሆነ በሚቀጥለው የፈረንጆች ዓመት ዜጋና ግሪን ካርድ ያዥ 1099-አር፣ ሌላው 1042-ኤስ የተባለ ወረቀት ይደርሳችኋል። በ1099-አር ሳጥን 7 ላይ ያለውን ኮድ አረጋግጡ፤ «1» ማለት ቅጣት ይመለከተዋል፣ «2» ማለት የ55ቱ ዓይነት ነጻ ማድረጊያ አለ፣ «7» ማለት 59 ተኩል አልፏል ማለት ነው። በ56 ዓመታችሁ ለቃችሁ «1» ተጽፎ ከመጣ ተቋሙ እንዲያርመው ጠይቁ። ካላረመም በቅጽ 5329 ላይ ምክንያቱን አስረድታችሁ ከቅጣቱ መውጣት ትችላላችሁ። ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ዜጋ ማስታወቂያ ማቅረቢያው በራሱ እስከ ሰኔ 15 (በፈረንጆቹ) ይራዘማል፤ ያልተከፈለ ግብር ካለ ግን ወለዱ የሚቆጠረው ከሚያዝያ 15 ጀምሮ ነው።

በአሜሪካ የግብር ሥራ ላይ ያሉ የሒሳብ ባለሙያዎች
ስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ